አንድ የቀረ ገጽ

የልጆች መጽሐፍ ገጹ ሲነካ ራሱ በወላጅ ድምፅ ያነባል። ልጁ አንዱን ገጽ ራሱ ሳይደናቀፍ ካነበበው ግን የዚያ ገጽ ድምፅ ለዘላለም ይጠፋል። ሕጉ እንዲህ ነው።

ባለቤቴ አምሳሉ ከማረፉ በፊት ለልጃችን ለፌቨን የአንዲት ሰነፍ ጉማሬ ታሪክ በድምፁ ቀርጾላት ነበር። አሁን ድምፁ የቀረው በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነው። «ዛሬ ደክሞሻል» እያልኩ ንባቡን ሳዘገይ ሰነበትኩ።

ዛሬ መጽሐፉን ይዛ ወጥ ቤት መጣች።

«እማዬ፣ ከክፍላችን ያልጨረስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይስቁብኛል።»

«መጀመሪያ አባባን እንስማው።»

ሰማነው። ጉማሬዋ ስታዛጋ እሱም አብሯት ያዛጋል። ፌቨን ሳቀች። ከዚያ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች ማንበብ ጀመረች፤ መሃል ላይ ግን ቆመች።

«አባባ ይከፋዋል?»

«አይከፋውም። ያነበበልሽ አንቺ እንድታነቢ ነው። ቀጥይ።»

አንድም ቃል ሳትስት ጨረሰች። ገጹን ነካሁት፤ ዝም አለ። ዞር ብዬ ምድጃውን አጠፋሁ።

«ሌላ መጽሐፍ የለንም?»

ከመደርደሪያው የአምሳሉን አሮጌ መጽሐፍ አወረድኩላት። «ይሄ የድሮ ነው፤ ድምፅ የለውም።»

«ታዲያ እኔ አለሁ አይደል? ነይ ቁጭ በይ፣ አነብልሻለሁ።»

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።