ጥቁሩ ፌስታል

ልጅቷ በመስኮት ስታይ፣ አሳዳጊዋ ሚስ ኦዴት በፒጃማ፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ የቆሻሻ መኪናውን እያባረረች ነበር። ይህ የተቀበላት ሰባተኛ ቤት ስለሆነ ልጅቷ ልብሷን ከጥቁሩ የቆሻሻ ፌስታል አውጥታ አታውቅም፤ ሂጂ ሲሏት አንስታው እንድትወጣ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች። ሚስ ኦዴት ደግሞ የቆሻሻ መኪናው በሚመጣበት በማክሰኞ ጠዋት ጥቁር ፌስታል ካየች ወስዶ መጣል ነው ሥራዋ።

"አንተ ሰውዬ፣ የልጄን ልብስ ይዘህብኝ የት ነው የምትሄደው?" እያለች ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

ሦስት ፌስታል ታቅፋ፣ እያለከለከች ተመለሰች። "የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። አንዱ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ እሱ ያንቺ እንዳይሆን ብቻ።"

ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ የራሷን ለየች። ፌስታሏን ይዛ ወደ መኝታ ክፍሏ የሚያወጣው ደረጃ ላይ ስትደርስ፣ ዞር ሳትል፣ "ቁም ሳጥኑ ውስጥ መስቀያ አለ?" አለች።