ለስላሳው ጡጦ

ልጇን አዝላ ፋርማሲ የገባችው ሴት ባንኮኒው ላይ አራት ጡጦ አስደረደረች። የእያንዳንዱን ጫፍ በጣቷ እየተጫነች ብታየውም መምረጥ አቃታት።

«ስንት ወሩ ነው?» አለቻት ሻጯ።

«አራት።»

«እንግዲያው ይሄን ተዪው፤ በጣም ለስላሳ ነው። ልጅ እሱን ከለመደ ጡትሽን እምቢ ይልሻል።»

ሴትየዋ ለስላሳውን አነሳች። «ይሄን ስጪኝ።»

«እየነገርኩሽ፣ እህቴ!»

«ሰምቼሻለሁ። ጡቴን ሬት ብቀባው እንኳ እያለቀሰ ይጠባል።»

«በአራት ወሩ ጡት ልታስጥዪው? ምን ዓይነት እናት ነሽ?» ሻጯ ተቆጣች።

ሴትየዋ ብር ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት አዲስ ፓስፖርት ባንኮኒው ላይ ወደቀ።

«የቤሩት በረራዬ ሐሙስ ነው፤» አለች። «ሳልሄድ ይርሳኝ።»