የጋቢው ጠርዝ

“የልጅ ልጅሽን ማን አላችሁት? ክርስትናውስ መቼ ነው?” አለቻት ሸዋገነትን የማኅበር ጓደኛዋ፣ ሸማ ተራ ባለው የሸዋገነት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ። ሸዋገነት እጇ ላይ የነበረውን የሕፃን ጋቢ ጠርዝ በመዳፏ ሸፈነችው። ጠርዙ ላይ “ሙኒር” የሚል ስም ተጠልፎበታል። ያስጠለፈችው ራሷ ናት። ስሙንም የመረጠችው እሷው ነበረች፤ ሕፃኑ በተወለደ በሰባተኛው ቀን የአባቱ ቤተሰቦች ለእሷ ለብቻዋ በክርስቲያን እጅ በግ አሳርደው ካበሏት በኋላ፣ ሦስት ስም አቅርበው “እትዬ፣ እርስዎ ይምረጡልን” ብለዋት ነበር።

“ገና ነው፤ ስምም አልወጣለትም” አለች።

ቀና ስትል የሕፃኑ ወንድ አያት ሐጂ ሸምሱ ከጓደኛዋ ኋላ ቆመዋል። ጋቢውን ሊወስዱ መምጣታቸው ነበር። ፊቷ እንደ እሳት ጋለ።

“እውነታቸውን ነው” አሉ ሐጂ፣ ለሴትዮዋ ፈገግ ብለው። “ስሙን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ እኛ አልቸኮልንም።”

ከዚያ ጋቢውን ከመዳፏ ሥር ቀስ አድርገው ሳቡና፣ ስሙ እንዳይታይ ወደ ውስጥ አጥፈው በብብታቸው ያዙት።