የቮልሷ ጉሮሮ

በደሴ ብቻ አይደለም፣ ከቀይ ባሕር ወዲህ የኔን ቮልስ የምታህል መኪና የለችም። የሟቹን የአባዬን መኪና አስመስዬ አሠራኋት፤ ሆዷ ግን በሙሉ የዘንድሮ ዕቃ ነው። ዓይነ ስውሯ እማዬ የአባዬን መምጣት የምታውቀው በሞተሩ ድምፅ ነበር። ያንን ድምፅ ሳላሰማት አልሞትም ብዬ ማልኩ።

የዘንድሮ ሞተር ዲዳ ነው። ድምፅ የሚገጠምለት ከሰው ጉሮሮ ተወስዶ ነው፤ የሰጠ ሰው ዳግም አይናገርም። መካኒኩ ሙሄ፣ «አራጋው፣ ያንተ አፍማ ለአምስት የጭነት መኪና ይበቃል!» አለኝ። ሳቅኩ። በድምፅ ስስቅ ያ የመጨረሻዬ ነበር፤ ድምፄን ለቮልሷ ሰጠኋት።

በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ምስጢር ጠበቅኩ፤ ላስደንቃት ብዬ ለእማዬ አልነገርኳትም።

ዛሬ ደጃፏ ላይ ሞተሩን አስነሳሁ። የጦሳ ተራራ ተነቃነቀ! እማዬ ከመደቡ ብድግ አለች።

«አባትህ መጣ! አራጋው፣ በሩን ክፈትለት!»

ሮጬ ገብቼ እጇን ያዝኩ።

«ማነህ አንተ? የኔ ልጅማ ቢሆን እስካሁን ሰፈሩን በጉራ ያደነቁረው ነበር» ብላ ገፋችኝ።

ተመልሼ መኪናዋ ውስጥ ገባሁና ሞተሩን አስጮህኩት። ፊቷ በራ።

«አራጋው! ኧረ የት ነህ? ቶሎ ና፣ አባትህ ሊሄድ ነው!»