የአቶ ልሳነወርቅ ጣት

ልጅቷ ዲግሪ የላትም፤ ያላት አንድ አሮጌ ላፕቶፕና የሰላ ምላስ ነው። የአውቶቡስ ትኬት በሚሸጥ ድርጅት ተቀጥራ የሙከራ ጊዜዋ ሳያልቅ፣ ስድስት ባለዲግሪ ሲዳክርበት የኖረውን ሥራ ለማሽን አስረከበችው። አሁን አዲስ ኮድ በተጻፈ ቁጥር ክላውድ ላይ ያለው ሲስተም ራሱ ፈትሾ ራሱ ይጭነዋል።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ግን ተቆጡ። «እኔ ሳላጸድቀው?»

«ኧረ ምን ሲደረግ ጋሼ!» አለችና «አጽድቅ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ ስክሪናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሥራ በዛባቸው። ጠዋት ጠዋት ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ መነጽራቸውን ወልውለው ቁልፏን ይጫናሉ። ለሠርግ ጎንደር ከርመው የተመለሱ ዕለት እንኳ የአራት ቀኑን ውዝፍ አራት ጊዜ ተጭነው አጸዱት። ስብሰባ ላይም አመልካች ጣታቸውን ቀስረው «ድርጅቱ የቆመው በዚህች ነው» ይላሉ። ጭብጨባው አይጣል ነው።

የሙከራ ጊዜዋ ያለቀ ቀን አስጠሯት። እሷ የጠበቀችው የቋሚነት ደብዳቤ ነበር፤ እሳቸው የሰጧት የስንብት ሆነ።

«አትቀየሚኝ ልጄ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለሽ ነው የማይሽ፤ ሥራውን እንደሆነ እኔው ብቻዬን ይዤዋለሁ።»

«እውነትዎን ነው፤ እኔ ምን ሠራሁ?» አለች። «አንዲት የቀረችኝን ነገር ጨርሼ እወጣለሁ።»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ላፕቶፗን ከፈተችና ያቺን አረንጓዴ ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሲስተሙ ጋር አገናኘቻት።