ተናኘ ጎጆ ወጣች

ኪራኮስ የአሥራ ሁለት ሰው ሳህን የያዘውን ካርቶን በሁለት እጁ እንዳቀፈ ጓሮው በር ላይ ቆሞ ሙሽራውን በዓይኑ ይፈልጋል። ሙሽራ የለም። ያለችው ከአጥሩ ሥር ከአውቶቡስ የማትበልጥ የእንጨት ቤት ናት፤ በሯ ላይ ደግሞ የሥራ ቱታ የለበሰችው ልጁ ተናኘ ብቻዋን ቆማለች።

“እንዴ! ልጁስ?” አለች ሚስቱ ባዩሽ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

“የምን ልጅ?”

“ጎጆ ልወጣ ነው ብለሽ የደወልሽው አንቺ አይደለሽም?”

“አዎ፣ ጎጆ! ይሄው ጎጆዬ። ዲዛይን አድርጌ፣ ሠርቼ ጨረስኩት፤ ልገባበት ነው። ምን ልበል ታዲያ?”

ባዩሽ ሳቋ አመለጣት። ኪራኮስ ግን አልሳቀም። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ አማርኛዋን ከቤት የለቀመች ልጅ፣ ጎጆ መውጣት ትዳር መያዝ እንደሆነ ማን ነግሯት? ጥፋቱ የራሱ ነው። ስልኩን ዘግቶ አንድ ቀን እንኳን ሳያሳድር ለወዳጁ ለንጉሡ ነገረው። ንጉሡ ደግሞ አምና ልጁን ሲድር አምስት መቶ ሰው አዳራሽ ሞልቶ ያበላ፣ ፎቶውን እስከ ዛሬ ለሰው እያሳየ ያልጠገበ ሰው ነው። ኪራኮስ “አንተም ሽማግሌ ሁነኝ” ብሎ ከአሌክሳንድሪያ እስከ አስፐን ሂል ይዞት መጣ። አሁን ያ ሰው ከረባቱን አስሮ ከጎኑ ቆሟል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ የሚያወራው ወሬ ከወዲሁ ፈገግ ሲያሰኘው ኪራኮስ አይቷል።

“ቤቱ ይቺ ናት?” አለ ንጉሡ። “እኔ የመሣሪያ ማስቀመጫ መስላኝ።”

የኪራኮስ ጆሮ ጋለ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ልጄ አርክቴክት ናት፣ ሕንፃ ነው የምትሠራው እያለ በሰው ፊት ጉራውን ሲነፋ ከርሟል።

“ግቡ፣ ግቡ” አለች ተናኘ። “ሦስት መቶ ስኩዌር ፊት ናት። ጓሮው የቲና ነው፣ አብራኝ የምትሠራው። ከከተማው መብራትም ውሃም አልወስድም። ጣሪያው ላይ ሶላር አለ፤ ዝናቡ ደግሞ ታንከሩ ውስጥ ይጠራቀምና ፊልተር ይደረጋል።”

“አሜሪካ ድረስ መጥተን መብራት የሌለው ቤት!” አለ ንጉሡ።

“መብራትማ አለ፣ ጋሼ። የሚከፈለው ቢል ነው የሌለው።” ማብሪያውን ስትጫነው ቤቱ ወገግ አለ።

ንጉሡ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። አልጋውስ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ተናኘ ግድግዳውን ሳበችው፣ አልጋ ሆነ። ምግብስ የት ይበላል አለ። አልጋውን ወደ ግድግዳው መለሰችና ከጀርባው የታጠፈ ጠረጴዛ ዘረጋች። እንግዳ ቢመጣስ? ሙሉውን የልብስ ቁምሳጥን በሐዲዱ ላይ ወደ ጥግ ገፋችው፤ ከኋላው ሁለት ሰው የሚያስተኛ ቦታ ተከፈተ። የሳህኑን ካርቶን እንኳን ከአባቷ ተቀብላ ደረጃው ሥር ካለ መሳቢያ ከተተችው፤ ለዚያውም ቦታ ተረፈ። ኪራኮስ ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ገባው። ይሄንን የመግፋትና የመሳብ ነገር ያውቀዋል። የት እንዳየው ነው የጠፋው።

ንጉሡ ቁምሳጥኑን አንዴ ገፋ፣ አንዴ ሳበ። ሲናገር ድምፁ ላይ ቀልድ አልነበረም።

“ይሄን ማን አስተማረሽ፣ ልጄ? ዩኒቨርሲቲ ነው?”

“አባዬ ነው።”

“እኔ?” አለ ኪራኮስ።

“ፓርኪንጉ ጋ! ሰመር ላይ ትምህርት ሲዘጋ ትንሿ የቲኬት ቡዝ ውስጥ አስቀምጠኸኝ አልነበር የምትውለው? ቦታው አርባ መኪና ነው የሚይዘው፣ አንተ ስልሳ ታስገባ ነበር። ጥግ ያስገባኸው መኪና ባለቤት ሲመጣ፣ ሦስቱን ታንቀሳቅስና በሁለት ደቂቃ ታወጣለታለህ። አንድም ቀን ጭረህ አታውቅም። እኔ ቁጭ ብዬ እሱን ነበር የማየው። ዲዛይን ሳደርግም የማስበው እሱን ነው።”

ኪራኮስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሥራህ ምንድነው ሲሉት “ዳውንታውን ነኝ” ብሎ ወሬ የሚቀይር ሰው ነው። አልዋሸም፤ መኪና ነው የማቆመው ብሎም ግን አያውቅም። አሁን ንጉሡ ዞሮ ሲያየው አንገቱን አልደፋም። ደረቱ ሞላ። እንዲህ ያለ ኩራት ልጁ የተመረቀች ዕለት እንኳን አልተሰማውም።

“ስልሳ ሁለት” አለ። “ስልሳ አይደለም። ስልሳ ሁለት ነበር የማስገባው።”

በሩ ተንኳኳ። ቲና ከባሏና ከእናቷ ጋር፣ ትልቅ ኬክ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

“ኧረ እነዚህ ሁሉ የት ሊገቡ ነው?” አለ ንጉሡ።

ኪራኮስ ኮቱን አወለቀ። “ተናኘ፣ ጠረጴዛውን እጠፊው። ባዩሽ፣ አንቺ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ። እናትየው እዚህ ይቀመጡ።” ከዚያ ንጉሡ ፊት ቆመና መዳፉን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ያስኬደው ጀመር። “ና… ና… ትንሽ ወደ ግራ… ና…” ንጉሡም በሙሉ ሱፉ፣ ዓይኑን ከዚያ እጅ ላይ ሳያነሣ፣ እሺ ብሎ ወደ ኋላ ተራመደ። ጀርባው ከግድግዳው ስንዝር ሲቀረው ኪራኮስ ከፍ ያደረገውን መዳፉን ጨበጠ።

“በቃ!”