ያልለቀቀው ሶል

አባቷ የገዛ ጫማውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ እሷ የለጠፈችውን ሶል ጫፍ በፒንሳ ነከሰ። የሱቁ ሕግ ይኸው ነበር፦ ጀማሪ የለጠፈው ሶል ከለቀቀ የደንበኛ ጫማ አይነካም፤ የባለሱቁ ልጅም ብትሆን።

«ይህን የመሰለ ቆዳ በብርጭቆ ወረቀት ቧጭረሽው አረፍሽ» አላት።

«ከሥሩ ነው እኮ አባዬ፣ አይታይም። ልሙጥ ላይ ማስቲሹ ምኑን ይያዝ? ሲሻክርለት ነው የሚነክሰው።»

«እናያለና» ብሎ ሳበ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ማስቲሽ የደረቀባቸውን ጣቶቿን ሽርጧ ውስጥ ደበቀች። ድንገት የሆነ ነገር ጨርቅ እንደሚቀደድ ጮኸ።

አባቷ ጫማውን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። የተቀደደው ቆዳው ነበር። ሶሉ ግን የቆዳውን ቁራጭ እንደነከሰ ነው፤ ማስቲሹ ንቅንቅ አላለም።

ፒንሳውን መዳፏ ላይ አኖረላት። ከዚያ ያንኑ ጫማ አጥልቆ፣ አውራ ጣቱ በቀዳዳው ብቅ እንዳለ፣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ድረስ ሄዶ እግሩን ዘረጋ።

«ምነው፣ ጫማህ አፉን ከፈተ?» አለው ልብስ ሰፊው።

አባቷ ደረቱን ነፋ። «ልጄ ናት የሠራችው።»